ያልተመታው ኳስ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2008 ሲድኒ ላይ አንድ ሕንዳዊ የክሪኬት ተጫዋች 18 ሩጫ ላይ ተቸንክሮ ቀረ። ኳስ ይመጣል፤ ያበርደዋል። ሌላ ይመጣል፤ ዱላውን ከፍ አድርጎ ያሳልፈዋል። ሌላ፣ ደግሞ ሌላ። አርባ ኳስ እንዲሁ አለፈ። በወዲያኛው ጫፍ የቆመው ጓደኛው ቪ.ቪ.ኤስ. ላክሽማን ኳሱን ወዳሻው ጥግ እየላከ ሩጫውን ሲሰበስብ፣ እሱ ከ18 ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ አንዲት ሩጫ ስትገኝለት የአውስትራሊያ ተመልካች ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበ። ጭብጨባው ሹፈት ያለበት ነበር። ራሁል ድራቪድ ግን መቶ እንደሞላ ሰው ዱላውን ወደ ሰማይ አንሥቶ አመሰገነ። ከዚያም ወደ ቦታው ተመልሶ ቀጣዩን ኳስ ጠበቀ። እሱ በ53 ወጣ፤ ላክሽማን 109 ሞላ፤ ሁለቱ አብረው 175 ጨመሩ። ከዚያ ቀን የሚታወሰው የላክሽማን መቶ ነው።

የመቺን ታሪክ የምናወራው በመታው ኳስ ነው። ስንት መቶ ሞላ፣ ስንት ጊዜ ከሜዳ አሳለፈ፣ የማንን ክብረ ወሰን ሰበረ እንላለን። ድራቪድ ከ1996 እስከ 2012 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተጫወተውን ልብ ብሎ ያየ ሰው ግን ሙያውን ከሌላ አቅጣጫ ይረዳዋል። የመቺነት ሥሩ ያልተመታው ኳስ ነው፤ መምታት ፍሬው ነው። ያንን ኳስ የመተው ችሎታ ደግሞ ከእናት ማኅፀን ይዘውት የሚወጡት እርጋታ አይደለም፤ እንደ ሸማኔ ሥራ ክር በክር የሚለመድ ነው። ትርፉም ብዙውን ጊዜ የሚመዘገበው በሌላ ሰው ስም ነው።

ዱባይ ወይም ሻርጃ የሠራ ኢትዮጵያዊ፣ አርብ ጠዋት ባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ የሕንድና የፓኪስታን ሠራተኞች ዱላና ኳስ ይዘው ሲጫወቱ አይቶ ይሆናል። ሕጉ ሲያዩት ቢያደናግርም ለዚህ ወግ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ወርዋሪው ከ20 ሜትር ርቀት፣ በቆዳ የተለበጠ ጠንካራ ኳስ መሬት ላይ አንጥሮ ይልካል። ከመቺው ጀርባ ሦስት ዘንጎች ተተክለዋል፤ ኳሱ እነሱን ካገኘ መቺው ወጣ። የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ከተቀለበም ወጣ። መቺዎች ሁልጊዜ ሁለት ሆነው፣ አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ ጫፍ ይቆማሉ፤ ኳሱ ተመትቶ ቦታ ሲለዋወጡ አንድ ሩጫ ይቆጠራል። ኳሱ ተንከባሎ ዳር ሲደርስ አራት፣ መሬት ሳይነካ ዳሩን ሲያልፍ ስድስት ነው። ቴስት የሚባለው ትልቁ ግጥሚያ እስከ አምስት ቀን ይዘልቃል፤ እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ሁለት ተራ ይመታል። አንድ ነገር ብቻ አጥብቆ መያዝ ይበቃል፦ በቴስት መቺውን ቶሎ ምታ የሚለው ሕግ የለም። ቀኑን ሙሉ እምቢ ማለት ይችላል። ከተሳሳተ ግን በአንድ ኳስ ያበቃለታል፤ እስከ ቀጣዩ ተራው ድረስ ተቀምጦ ሌሎችን ያያል።

ይህ የአንድ ስሕተት ሕግ ማንንም አይምርም። አውስትራሊያዊው ዶን ብራድማን ኦገስት 14 ቀን 1948 ለንደን ኦቫል ለመጨረሻ ጊዜ ሊመታ ሲገባ፣ የሕይወት ዘመኑ አማካይ (ሩጫው በወጣባቸው ጊዜያት ሲካፈል) 100 እንዲሆን አራት ሩጫ ብቻ ጎድሎት ነበር። ኤሪክ ሆሊስ በወረወረለት ሁለተኛ ኳስ ዘንጉ ተመታ። ዜሮ። አማካዩ 99.94 ላይ ቆሞ ቀረ፤ ዛሬም ድረስ የሚቀርበው የለም። የሁሉም የበላይ የሆነው ሰው በባዶ ከወጣ፣ ሌላው መቺ በየጠዋቱ ወደ ሥራው የሚወጣው ብዙ ጊዜ እንደማይሳካለት እያወቀ ነው ማለት ነው። ድራቪድ 286 ተራ መታ፤ መቶ የሞላው 36 ጊዜ ነው። በቀሩት 250 ተራዎች ከመቶ በታች ቀርቷል። ይህም ሆኖ በዘመኑ ከነበሩት ምርጦች ተርታ ነው የሚጠራው።

የሥራው አጠቃላይ ሂሳብ እንዲህ ነው፦ 164 ቴስት፣ 13,288 ሩጫ፣ አማካይ 52.31። ከነዚህ ሁሉ የሚያስደንቀው ግን የማይጠቀሰው ቁጥር ነው። 31,258 ኳስ ተጋፍጧል። በቴስት ታሪክ 30,000 ያለፈ ሌላ መቺ የለም፤ 200 ቴስት የተጫወተው ሳቺን ቴንዱልካር እንኳ አላለፈም። ሩጫ ያመጣ ኳስ ሁሉ አንድ አንድ ብቻ አስገኘ ብንል እንኳ፣ ከነዚያ ኳሶች ቢያንስ 17,970ው ምንም አላመጣም። አራቶቹና ስድስቶቹ ሲታሰቡ ባዶው ኳስ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ሜዳ ላይ የቆመበት ደቂቃ ሲደመር 44,152 ነው፤ ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ ቢቆጠር አንድ ወር። ከዚያ ወር አብዛኛው ያለፈው ኳስ በማብረድና በማሳለፍ ነው።

ማሳለፍ ሲባል ሥራ መፍታት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር የሚበር ኳስ ለመቺው የሚሰጠው ግማሽ ሰከንድ ገደማ ነው። ሦስቱ ዘንጎች ተደምረው ስፋታቸው 23 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። መቺን የሚያጠፋው በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ወደ ዘንጉ የሚመጣው ኳስ አይደለም፤ ያንን ማንም ያበርደዋል። የሚያጠፋው ከዘንጉ አንድ ስንዝር ወጣ ብሎ የሚመጣው፣ ምታኝ ምታኝ የሚለው ነው። እጅ ይከተለዋል፣ ኳሱ የዱላውን ጠርዝ ይልሳል፣ ከኋላ የተደረደሩት ቀላቢዎች ያገኙታል። ድራቪድ ለዚህ ኳስ የኋላ እግሩን ወደ ዘንጉ መስመር ያመጣል፤ ራሱን ከኳሱ መንገድ በላይ ያደርጋል፤ እጆቹን ከትከሻው በላይ ሰቅሎ አንገቱን እያዞረ እስከ መጨረሻው ያየዋል። ዘንጎቹ ከጀርባው ናቸው፤ አያያቸውም። የት እንዳሉ ግን ሌሊት በራሱ ቤት እንደሚሄድ ሰው ያውቃል። እንዲህ ያለውን ውሳኔ በቀን ሁለት መቶ ጊዜ መወሰን፣ አንዱንም አለመሳት ነው ሥራው።

ድራቪድ ጃንዋሪ 1973 ኢንዶር ተወልዶ ባንጋሎር አደገ። አባቱ በአንድ የማርማላታ ፋብሪካ ይሠሩ ነበር፤ በዚህም ጓደኞቹ «ጃሚ» የሚል ቅጽል አወጡለት። እናቱ የኪነ ሕንፃ መምህርት ነበሩ። ከኬኪ ታራፖር ሥር ሰልጥኖ በ18 ዓመቱ ለካርናታካ ግዛት መጫወት ጀመረ፤ ከዚያ ብሔራዊ ቡድን እስኪገባ አምስት ዓመት ፈጀበት። ጁን 1996 በለንደኑ ሎርድስ የመጀመሪያ ቴስቱን ሲጫወት 95 ሩጫ ላይ ወጣ። በዚያው ግጥሚያ፣ እንደሱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈው ሳውራቭ ጋንጉሊ 131 አስቆጠረ። ሕንድ የጋንጉሊን ስም ይዛ አደረች።

ይህ ነገር የአንድ ቀን አጋጣሚ ሆኖ አልቀረም። በ1999 የዓለም ዋንጫ ስሪላንካ ላይ 145 ሲመታ በወዲያኛው ጫፍ ጋንጉሊ 183 መታ። በዚያው ዓመት ሃይደራባድ ላይ 153 ሲመታ በወዲያኛው ጫፍ ቴንዱልካር 186 ላይ ሳይወጣ ቀረ። ብዙዎች ዕድለ ቢስ ይሉታል። ይህ አባባል ነገሩን ከሥሩ አያየውም። ባለ ተሰጥኦው ወዲያኛው ጫፍ ላይ ሆኖ ልቡ እንደፈቀደ የሚመታው፣ ወዲህኛው ጫፍ ስለማይፈርስ ነው። ድራቪድ በቴስት 88 ጊዜ መቶና ከመቶ በላይ በሆነ ጥምረት ውስጥ ተሳትፏል። ከቴንዱልካር ጋር ብቻ 20 ጊዜ መቶ ተሻግረዋል፤ አብረው ያመጡት 6,920 ሩጫ ነው። አንድ ሰው 88 ጊዜ በአጋጣሚ የተሳካ ጥምረት ውስጥ አይገኝም።

የዚህ ሁሉ ማሳያ ኮልካታ ነው፤ ማርች 2001፣ ኤደን ጋርደንስ። አውስትራሊያ 16 ቴስት በተከታታይ አሸንፋ መጥታለች። ሕንድ በመጀመሪያ ተራዋ 171 ላይ ተሰበሰበች፤ በ274 ስለተመራች ወዲያው ሁለተኛ ተራዋን እንድትመታ ተገደደች። ድራቪድ አቋሙ ወርዶ ስለነበር በመቺዎች ቅደም ተከተል ከለመደው የሦስተኛነት ቦታ ተነሥቶ ወደ ስድስተኛ ተገፋ፤ ቦታው ለላክሽማን ተሰጠ። ለመቺ ይህ በአደባባይ ዝቅ መደረግ ነው። የሦስተኛው ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ላክሽማን 109፣ ድራቪድ 7 ነበሩ።

አራተኛው ቀን ማርች 14 ነበር። ጠዋት ገቡ፤ ለምሳ ወጡ፤ ተመለሱ፤ ለሻይ ወጡ፤ ተመለሱ። ሼን ዋርንን የመሰለ ወርዋሪ ኳሱን ከሻካራው መሬት ሲያሾረው ላክሽማን እየወጣ በሁለቱም በኩል ይመታዋል። ድራቪድ ትኩሳት ይዞት፣ ላቡ እየተንጠፈጠፈ፣ ኳሱን ከዓይኑ ሥር ያበርዳል። የሚመታውን አግኝቶ ሲመታ ደግሞ ያለ ጥርጥር ነው። መቶ ሲሞላ፣ ያ ጭምት ሰው ዱላውን ወደ ጋዜጠኞቹ መቀመጫ ጠቆመ። በሥራ ዘመኑ ብስጭቱ በአደባባይ ከታየባቸው ጥቂት ጊዜያት አንዱ ነው። ቀኑን ሙሉ አንድም ሰው አልወጣም። 335 ሩጫ ተጨመረ፤ ላክሽማን 275፣ ድራቪድ 155 ሆነው አደሩ። በማግስቱ ላክሽማን በ281፣ ድራቪድ በ180 ወጡ፤ ጥምረታቸው 376 ደረሰ፤ ሕንድም በ171 ሩጫ አሸነፈች። በቴስት ታሪክ እንዲህ ተገድዶ ተራውን ከደገመ በኋላ ያሸነፈ ቡድን ሲገኝ ያ ሦስተኛው ጊዜ ነበር። እስከ ዛሬ ሰው የሚጠራው 281ን ነው። 180ው ግን ከሌለ 281 የለም፤ በአንድ ሰው ብቻ ቀን አይመሽምና።

የሚተወው መምታት ስለማይችል ነው የሚሉም ነበሩ። በ1998፣ የኳሱ ቁጥር ተወስኖ በአንድ ቀን በሚያልቀው «የአንድ ቀን ግጥሚያ»፣ ዘገምተኛ ነህ ተብሎ ከቡድኑ ወጥቷል። በሚቀጥለው ዓመት በእንግሊዝ በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ግን ከሁሉም ተጫዋቾች በላይ 461 ሩጫ ያስቆጠረው እሱ ነበር። በ2003 ሃይደራባድ ላይ ኒውዚላንድን በ22 ኳስ 50 መታ። በዚያው ዓመት የዓለም ዋንጫ፣ ቡድኑ አንድ መቺ መጨመር እንዲችል የበረኛውን ጓንት አጥልቆ ከዘንጉ ኋላ ቆመ፤ ሕንድም ፍጻሜ ደረሰች። በአንድ ቀን ግጥሚያ የሰበሰበው 10,889 ሩጫ ነው። ስለዚህ በቴስት ያሳለፈው ኳስ ሊመታው እየቻለ የተወው ኳስ ነበር።

ትምህርቱንም አላቋረጠም። በ2000 የእንግሊዝን እርጥብ አየርና የሚጠመዘዝ ኳስ ሊለምድ ለኬንት አንድ ወቅት ተጫወተ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ እንግሊዛዊው ኬቨን ፒተርሰን የሚሾር ኳስ ሲያስቸግረው ድራቪድ በኢሜይል የላከለትን ምክር ፒተርሰን በ2014 በወጣው ግለ ታሪኩ አትሞታል። ከምክሮቹ አንዱ ልምምዱን ያለ ቅልጥም መከላከያ እንዲያደርግ ነበር። መከላከያው ሲወልቅ እግር መደበቂያ ያጣል፤ ዓይን ኳሱን ከወርዋሪው እጅ ጀምሮ እንዲከተል፣ ዱላውም ቀድሞ እንዲደርስ ይገደዳል። ይህን ምክር የሚሰጠው በራሱ ቅልጥም የሞከረው ሰው ብቻ ነው፤ የሰጠውም ለተቃራኒ ቡድን ተጫዋች ነው።

በኬንት የተማረው በኦገስት 2002 ሄዲንግሊ ላይ ታየ። ሰማዩ ደመና፣ ሜዳው እርጥብ ሆኖ ሳለ ሕንድ ቀድማ ልምታ አለች። ድራቪድ ከሳንጄይ ባንጋር ጋር 170 ጨመረ፤ ኳሱ ጎድኑን፣ ክንዱን፣ ጣቱን ሲደበድበው ዋለ። 148 አስቆጥሮ ወጣ። ሜዳው ከደረቀ በኋላ ቴንዱልካር 193፣ ጋንጉሊ 128 መቱ፤ እንግሊዝ ክፉኛ ተሸነፈች።

በዲሴምበር 2003 አደሌድ ላይ ግን ለአንድ ጊዜ ግጥሚያው በእሱ ስም ቀረ። አውስትራሊያ 556 አስቆጠረች፤ ሕንድ አራት ሰው አጥታ 85 ላይ ነበረች። ድራቪድ እንደገና ከላክሽማን ጋር 303 ጨመረ፤ እሱ 233 ደረሰ። መቶውን የሞላው ከጄሰን ጊሌስፒ ኳስ ባገኘው ስድስት ነው። በሁለተኛው ተራ 230 ሲፈለግ 72 አስቆጥሮ ሳይወጣ፣ የድሉን አራት ራሱ መታ። በሁለቱ ተራ ከ13 ሰዓት በላይ ቆሟል። ሕንድ አውስትራሊያን በሜዳዋ ካሸነፈች 22 ዓመት አልፎ ነበር። የተሸነፈው አምበል ስቲቭ ዋው ዳር ድረስ ሄዶ ኳሱን አነሣና አምጥቶ ለድራቪድ ሰጠው።

እምቢታ ልክ የሚያልፍበት ጊዜም አለ፤ ይህን መሸሸግ ፍርድ ማጣመም ነው። በ2007 አምበል ሆኖ ኦቫል ላይ፣ ሕንድ በተከታታዩ 1 ለ 0 እየመራች፣ እንግሊዝን ተራዋን እንድትደግም ማስገደድ ሲችል ተወው፤ ራሱም 96 ኳስ ተጋፍጦ 12 ሩጫ ብቻ አመጣ። ግጥሚያው በአቻ አለቀ። ሕንድ ከ1986 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በእንግሊዝ የተከታታዩን ድል ይዛ ተመለሰች፤ ሁለተኛ ድል ግን ከእጇ ወጣ። በዚያው ዓመት በካሪቢያን የዓለም ዋንጫ የመራው ቡድን በመጀመሪያው ዙር ተሰናብቶ ነበርና፣ ያ ሰው ኦቫል ላይ ሽንፈትን ከመፍራት ብዛት ድልን እንደተወ መናገር ይቻላል። ለአንድ መቺ የሚበጀው ጥንቃቄ ለአምበል ሁልጊዜ አይበጅም።

በ2008 የሕንድ ፕሪሚየር ሊግ ሲጀመር የጨዋታው ገበያ ተገለበጠ። አንድ ቡድን 120 ኳስ ብቻ በሚመታበት ግጥሚያ፣ አሳልፎ መተው የባከነ ኳስ ነው። ድራቪድ አምበል የሆነለት የባንጋሎር ቡድን በመጀመሪያው ዓመት ከስምንት ሰባተኛ ወጣ። ገንዘቡ ወደዚያ ሲሄድ ልጆችም ወደዚያ ይሄዳሉ፤ ይህ የማይቀር ነው። የሚጠፋው ግን አንድ የአጨዋወት ስልት ብቻ አይደለም። ለጓደኛ ቀን የሚገዛ ሰው ከቡድን ውስጥ ይጠፋል፤ ይህንንም ያለ ቁጭት ማየት ያስቸግራል።

በ2011 ክረምት እንግሊዝ ላይ ሕንድ 4 ለ 0 ስትወድቅ ድራቪድ 38 ዓመቱ ነበር። ሎርድስ ላይ 95 ላይ ከወጣ ከ15 ዓመት በኋላ እዚያው ሜዳ መቶ ሞላ። ኤጅባስተን ላይ ዳኛው ተቀልበሃል ሲሉት ድምፅ ስለሰማ ይግባኝ ሳይል ወጣ፤ ዱላው የነካው የጫማውን ክር ጫፍ እንደነበር በኋላ በምስል ታየ። ኦቫል ላይ ጓደኞቹ ሲጎዱ ከፋች መቺ ሆኖ ገባ፤ ሁሉም ወጥተው እሱ 146 ላይ ብቻውን ቀረ። ሕንድ ተራዋን ድገሚ ተባለች፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ያው ሰው መከላከያውን አስሮ ለመክፈት ተመለሰ።

ከጥቂት ወራት በኋላ በአውስትራሊያ ያ ሁሉ ተናደ። ሕንዶች «ግንቡ» ይሉት የነበረው ሰው ከስምንት ተራ በስድስቱ ዘንጉ ተመታ። ኳሱ የሚያልፈው በዱላውና በእግሩ መካከል ነበር፤ አንድ ዝርግ እጅ በማታህል ክፍተት። የመጨረሻ ቴስቱ አደሌድ ነበር፤ ዋው ኳሱን ያመጣለት ሜዳ። ማርች 9 ቀን 2012 ባንጋሎር ላይ ጋዜጠኞች ጠርቶ መሰናበቱን ተናገረ። የመሸኛ ግጥሚያ አልተደረገለትም።

በዚያው ዓመት ኦገስት፣ ሃይደራባድ ላይ፣ በሦስተኛነት ቦታው ቼቴሽዋር ፑጃራ ገባ፤ 159 አስቆጠረ። በ2017 ራንቺ ላይ 525 ኳስ ተጋፈጠ፤ በአንድ ተራ ብዙ ኳስ የተጋፈጠ ሕንዳዊ የሚለውን የድራቪድን የ495 ክብረ ወሰን ወሰደ። ጃንዋሪ 2021 ብሪዝበን ላይ፣ አውስትራሊያ ከ1988 ወዲህ ባልተሸነፈችበት ሜዳ፣ ሕንድ በመጨረሻው ቀን 328 ስታሳድድ ፑጃራ 211 ኳስ ቆመ። ኳሱ የራስ መከላከያውን፣ ደረቱን፣ ክንዱን ደጋግሞ መታው፤ ጣቱ ሲመታ ዱላውን ጥሎ ተንበረከከ። ተነሣ፤ ዱላውን አነሣ፤ ቀጣዩን ኳስ አሳለፈ። 56 ላይ ወጣ። ወርዋሪዎቹ ሲደክሙ ወጣቱ ሪሻብ ፓንት 89 አስቆጥሮ የድሉን አራት መታ፤ የግጥሚያው ኮከብ ተብሎም ተሸለመ።